ጻሕል የያዘው ንጉሥ

ከቦሎኛ ራቬና በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ግራ ቀኙ የኮክ ዛፍ በረድፍ የተተከለበት፣ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የሌለበት ሜዳ። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ናት። ቦሎኛ ከገባች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። እንጀራዋ ጣልያኖቹ «ባዳንቴ» የሚሉት ሥራ ነው፤ አረጋውያንን ከቤታቸው ሳይወጡ መጦር። የእረፍት ቀኗ ሐሙስ ስለሆነ ያንን ሐሙስ ለእኔ ሰጠችኝ።

እኔ ዕድሜዬን በጥብቅና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስገልጥና ስከድን ኖሬአለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ «ይህ ሕግ ከየት መጣ?» ሲሉኝ «ከፈረንሳይ» ብዬ አልፍ ነበር። ሥራ ካቆምኩ በኋላ ያቺ አንዲት ቃል ትከነክነኝ ጀመር። ፈረንሳይስ ከየት አመጣችው? ጣልያን ድረስ የወሰደኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የራቬናው ሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት ስምንት ማዕዘን ያለው፣ በቀጫጭን ጡብ የተሠራ፣ ጌጥ የሌለው ሕንፃ ነው። ደጁን አልፈው ወደ መቅደሱ ሲጠጉ ግን ግድግዳው ሁሉ በብርሃን ይሞላል። ወርቅ የተቀባ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የብርጭቆ ፍንጣሪ አንድ በአንድ ተሰክቶ ሥዕል ሆኗል። ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከው በ547 ነው። ከላይ ክርስቶስ በሰማያዊ ሉል ላይ ተቀምጦ በሰባት ማኅተም የታተመ ጥቅልል ይዟል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ በአንዱ ጎን ሐምራዊ ካባ የለበሰ፣ ራሱን የብርሃን አክሊል የከበበው ሰው ከአጀቡ ጋር ቆሟል። በአንድ ወገኑ ጋሻቸው ላይ የክርስቶስ ስም ምልክት ያለባቸው ወታደሮች አሉ፤ በሌላው ወገን መስቀል የያዘ ጳጳስ፣ ወንጌል የያዘ ዲያቆንና ጽና የያዘ ዲያቆን።

የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ መሐሉ ላይ ያለው ንጉሥ አይደል?»

«ንጉሥ ነው። ዮስጢንያኖስ ይባላል።»

«ታዲያ በእጁ የያዘው ጻሕል አይደለም እንዴ?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ጻሕል ነው፤ ኅብስቱ የሚቀመጥበት የወርቅ ሰሐን። ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ሚስቱ ቴዎድራ ጽዋዕ ይዛለች።

«ቅስና ነበረው?»

«አልነበረውም። ምእመን ነው።»

«ታዲያ ማን ፈቀደለት?»

በሕግ ትምህርት ቤትም ሆነ በችሎት ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ይህን ያህል ሥር የሚነካ አላጋጠመኝም። የአውሮፓ ሕግ ታሪክ ግማሹ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ዮስጢንያኖስ ራቬናን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። ከተማዋን በ540 የያዘለት የጦር አለቃው ቤሊሳርዮስ ነው። ንጉሡ ቁስጥንጥንያ ተቀምጦ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ከሺህ ዓመት ወዲህ የተከማቸውን የሮማ ሕግ አንድ ቦታ መሰብሰብ። ትሪቦንያኖስ የሚባል ሊቅ ያለበት ጉባኤ የነገሥታቱን ድንጋጌዎች በአንድ መጽሐፍ ጠርዞ በ529 አወጣ፤ በ534 ደግሞ አርሞ መለሰው። የጥንት የሕግ ሊቃውንት የጻፉትን መርጦ በ50 መጽሐፍ ያስቀመጠው ዲጀስት በ533 ወጣ። ለተማሪዎች የተዘጋጀው ማስተማሪያም በዚያው ዓመት ታወጀ፤ የሚጀምረውም በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ነው። የነገሥታቱ ድንጋጌዎች መጽሐፍ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚገኘው ስለ ባለቤትነት ወይም ስለ ዕዳ የሚናገር አይደለም፤ ስለ ቅድስት ሥላሴ ነው። ንጉሡ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚዋዋል ከመናገሩ በፊት፣ በምን እንደሚያምን ደነገገ።

የአክስቴን ልጅ ጥያቄም ንጉሡ ራሱ መልሶታል። በ535 ባወጣው አንድ ሕግ ክህነትና ንግሥና ከአንድ ምንጭ፣ ከእግዚአብሔር የተሰጡ ሁለት ታላላቅ ስጦታዎች ናቸው ይላል። አንዱ መለኮታዊውን ያገለግላል፣ ሌላው የሰውን ነገር ይመራል። በዚህ አስተሳሰብ ንጉሥ ጻሕል ቢይዝ ድፍረት አይደለም፤ ሥዕሉም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

እዚያ ቆሜ ግን ሥዕሉን በመደነቅ ብቻ ማየት አልቻልኩም። የተዋሕዶ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ንጉሥ በሌላ በኩልም አውቀዋለሁ። ዮስጢንያኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበለ፣ ያልተቀበሉትን ያሳደደ ንጉሥ ነው። በ536 ያወጣው ሕግ፣ ስንክሳራችን በቅድስና የሚያስበውን ሳዊሮስ ዘአንጾኪያን አውግዞ መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ፣ የሚገለብጣቸው ጸሐፊ ደግሞ እጁ እንዲቆረጥ ያዛል። እጅ መቁረጥ! ይኸው ንጉሥ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ አክሱም ወዳለው ወደ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ በፋርስ ላይ እንዲተባበረው፣ የሐር ንግዱንም እንዲያግዘው ለምኖ እንደነበር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። ለካሌብ በክርስቲያን ወንድምነት ይለምናል፣ ከካሌብ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሃይማኖት ያላቸውን ግን ይቀጣል። ሃይማኖት ሕግ ውስጥ ሲገባ ምሕረትን ብቻ ይዞ እንደማይገባ ያ ድንጋጌ ይመሰክራል፤ የሃይማኖትን በጎ አሻራ ስቆጥር ይህን የምዘለው ከሆነ እውነቱን አጉድያለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የዚያ ንጉሥ ሕግ ወደ እኛ ቤት መጥቷል። የመጣውም ከፈረንሳዩ ሕግ በፊት ነው።

በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የቁስጥንጥንያ ነገሥታት ግዙፉን የዮስጢንያኖስን ሕግ አሳጥረው ለዳኞች የሚሆን የእጅ መጽሐፍ አዘጋጁ። ያ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ በግብጽ ክርስቲያኖች እጅ ገባ። በ1238 አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የሚባል የቅብጥ ሊቅ የቤተ ክርስቲያን ቀኖናዎችን፣ ያንን የእጅ መጽሐፍና ሌሎች የሕግ መጻሕፍትን አስማምቶ ለሕዝቡ አንድ መጽሐፍ ሠራ። ሕዝቡ በሙስሊም ገዢዎች ሥር የሚኖር ነው፤ የራሱ ንጉሥ የለውም፤ በጋብቻና በውርስ የሚዳኘው ጳጳሱ ነው። ስለዚህ ለጳጳስ የሚሆን የንጉሥ ሕግ አስፈለገው። መጽሐፉ ወደ ግእዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ተባለ። ትውፊቱ ጊዜውን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያደርገዋል፤ የተረጎመውንም ጴጥሮስ አብደ ሰይድ ይለዋል፤ ሕጉንም ለኒቅያ 318 ሊቃውንት ይሰጠዋል። ከ51ዱ አንቀጽ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ ነው። በሥጋዊው ክፍል የሽያጭ፣ የብድር፣ የኑዛዜ ነገር ሲነበብ፣ ከራቬናው ግድግዳ ላይ ጻሕል የያዘው ሰው ያሰበሰበው ሕግ ከስሩ ይሰማል። ስሙ ተረስቷል፣ ሳዊሮስን ማሳደዱም ከመጽሐፉ ወጥቷል፤ የዳኝነቱ ጥበብ ግን ቀርቷል።

«እንግዲህ የኛ መጽሐፍና የነዚህ መጽሐፍ ዘመድ ነዋ!» አለች የአክስቴ ልጅ በመመለሻው ባቡር ላይ ይህን ስነግራት። «እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ከነሱ የተቀዳ ይመስለኝ ነበር።»

በማግሥቱ እርሷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔ ቦሎኛን ብቻዬን ዞርኩ። ቦሎኛ ዝናብ የማያሰጋት ከተማ ናት፤ በከተማዋ ውስጥ ሲደመር 62 ኪሎ ሜትር የሚሆን በቅስት የተሸፈነ የእግረኛ መንገድ አላት። በዚያ ጥላ ሥር እየሄድኩ ወደ ሳን ፍራንቸስኮ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወጣሁ። እዚያ በሣሩ ላይ ከመሬት ከፍ ብለው፣ በዓምድ ላይ የተቀመጡ፣ ጣሪያቸው አረንጓዴ ሸክላ የለበሰና እንደ ድንኳን ጫፍ የሾለ መቃብሮች አሉ። የነገሥታት መስለውኝ ነበር። የሕግ መምህራን ናቸው። አንዱ የአኩርሲዮስ ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት በዮስጢንያኖስ ሕግ ኅዳግ ላይ ወደ 97 ሺህ የሚጠጋ ማብራሪያ ሰብስቦ ያስቀመጠ። ሕግ አስተማሪን እንደ ጻድቅ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ያውም ከፍ አድርጎ የሚቀብር ሕዝብ ሕግን እንዴት ቢያከብረው ነው? ረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ራቬና ላይ ንጉሥ የካህን ዕቃ ይዞ አይቻለሁ። ቦሎኛ ደግሞ ካህናት የንጉሥን ሕግ የያዙባት ከተማ ናት። ዲጀስት በምዕራብ አውሮፓ ከ400 ዓመት በላይ ማንም ሳይጠቅሰው ተኝቶ ከርሞ፣ በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲገኝ ኢርኔርዮስ የሚባል መምህር እዚህ ማስተማር ጀመረ። ወደ 1140 ገደማ ደግሞ ግራጽያኖስ፣ መነኩሴ ነበር ተብሎ የሚነገርለት፣ ያኔ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ቀኖና አሰባስቦ አንድ መጽሐፍ አደረገ። የሲኖዶስ ውሳኔ፣ የሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤ፣ የአባቶች ቃል በአንድ ጉዳይ ላይ እርስ በርስ ይጋጫል። ግራጽያኖስ የሚጋጩትን ጎን ለጎን አቁሞ ያከራክራል፣ ከዚያም ይፈርዳል። ለመጽሐፉ የሰጠው ስም ራሱ የማይስማሙትን ቀኖናዎች ማስማማት ማለት ነው።

የትርጓሜ ቤታችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አንድምታን ማሰቡ አይቀርም። ነገር ግን ልዩነት አለ። የእኛ ሊቃውንት «አንድም» እያሉ ትርጉሙን በትርጉም ላይ ይደርባሉ፤ ሁሉም ይኖራል፣ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ግራጽያኖስ ግን ከክርክሩ በኋላ አንድ ፍርድ ያጸናል። ለነፍስ የኛው መንገድ ይሰፋል ባይ ነኝ። ለዳኛ ግን የግራጽያኖስ ይሻላል፤ ተከራካሪው ዛሬ ፍርዱን ይዞ ቤቱ መግባት አለበትና። የአውሮፓ ሕግ በቁጥር ተራ የሚሄድ፣ ከራሱ ጋር የማይጋጭ አንድ መጽሐፍ እንዲሆን የመፈለግ ልማድ ከነገሥታት አዳራሽ ይልቅ ከዚህ መነኩሴ ጠረጴዛ የወጣ ይመስለኛል። በ1234 ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ፣ ቦሎኛ ያስተማረው ዶሚኒካዊ ሬይሞንዶስ ያሰናዳለትን የሕግ መጽሐፍ አጽድቆ ወደ ቦሎኛና ወደ ፓሪስ ትምህርት ቤቶች ላከ። ከዚህ በኋላ በዚህ ብቻ ዳኙ፣ በዚህ ብቻ አስተምሩ አለ። 1234 እና 1238። ቦሎኛ የጎርጎርዮስን መጽሐፍ በተቀበለች በአራት ዓመት ውስጥ ካይሮ ላይ ኢብን አል-አሳል ሥራውን ጨረሰ። ሁለቱ ስለ መኖራቸው እንኳ የሚተዋወቁ አይመስለኝም።

የቦሎኛ ካህናት ወደ ሕጉ ያስገቡት ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሁለት ነገር በላይ አልጠቅስም።

የመጀመሪያው ቃል ነው። በጥንቱ የሮማ ሕግ ሁለት ሰዎች በባዶ ቃል ቢስማሙ፣ ስምምነቱ ሕጉ ካወቃቸው የውል ዓይነቶች አንዱ ካልሆነ ወይም ሥርዓቱ ካልተፈጸመለት ዳኛ ዘንድ አያስከስስም። ካህናቱ ግን የሚያዩት ነፍስን ነው። ቃሉን ሰጥቶ የሚያጥፍ ሰው ዋሽቷል፣ መዋሸት ደግሞ ኃጢአት ነው፤ ኃጢአት ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ዝም ሊል አይችልም። እናም ባዶ ቃል ቢሆንም ይጠበቅ አሉ፤ የጎርጎርዮስ መጽሐፍ ውስጥም ገባ። እኔ በጥብቅና ዘመኔ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1731 ስንት ጊዜ እንደጠቀስኩ አልቆጠርኩትም። ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚጸናበት ቁጥር ነው። ከሥሩ የንስሐ አባት ፍርሃት እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው የጋብቻ ፈቃድ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ሊቀ ጳጳሳት እስክንድር 3ኛ የሁለቱ ፈቃድ ብቻውን ጋብቻን ያጸናል ብሎ ወሰነ። ልጅቱ ካልወደደች አባት ቢወድ ጋብቻ አይሆንም፤ ልጅቱ ከወደደች አባት ቢጠላ ጋብቻ ነው። መኳንንቱ ርስታቸው በልጆቻቸው ፍቅር እንዳይበተን ፈርተው ተቃወሙ። የፈረንሳይ ንጉሥ በ1556 ሳያስፈቅዳቸው ያገባን ልጅ ወላጆቹ ከውርስ እንዲነቅሉት ፈቀደ። በ1563 የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ ጋብቻ በደብሩ ካህንና በምስክሮች ፊት እንዲፈጸም ቢያዝም፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ የተደረገ ጋብቻ በዚያ ብቻ ይፈርሳል የሚለውን አልቀበልም አለ። ቤተ ክርስቲያን ከአባቶች ሥልጣን ይልቅ የወጣቶቹን «እሺ» አስበለጠች። ዛሬ ይህን ለነፃነት ከቆሙ ፈላስፎች ብቻ የመጣ አድርጎ የሚናገር ሰው ብዙ ነው።

ማርቲን ሉተር በ1520 ቪተንበርግ ደጅ ላይ የሊቀ ጳጳሳቱን ደብዳቤ ሲያቃጥል የቀኖና ሕጉን መጻሕፍትም አብሮ እሳት ውስጥ ጥሏል። ሆኖም የፕሮቴስታንት ሀገሮች ፍርድ ቤቶች በጋብቻ ጉዳይ ያንኑ ሕግ ሲጠቀሙ ኖሩ። ወረቀቱ ተቃጠለ እንጂ ሕጉ አልተቃጠለም።

ማታ ላይ የአክስቴ ልጅ ቡና አፍልታ ስትጠብቀኝ አንድ የቆየ ነገር አነሳች። ቦሎኛ በመጣች ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት የልደት ማስረጃ ጠይቋት ነበር። ያላት በተወለደችበት ደብር የተሰጣት፣ የደብሩ ማኅተም ያለበት የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ «ይህ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የመንግሥት አምጪ» አላት።

«ስንት ወር ተንከራተትኩ መሰልዎት፣ ጋሼ! ወረቀቱን ሲገፋው የተጠመቅኩበትን የገፋው ነው የመሰለኝ።»

የተገፋው ወረቀት አያት ነው፤ የገፋው የልጅ ልጁ። በ1539 የፈረንሳይ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ የደብር ካህናት የተጠመቁትን ሕፃናት እንዲመዘግቡ አዘዘ፤ መዝገቡም ዕድሜን ለማስረዳት በፍርድ ቤት ይቆጠር ነበር። በ1792 አብዮተኞቹ መዝገቡን ከካህናቱ ወስደው ለከተማ አስተዳደር ሰጡ። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብን ከዚያ ወረሰ። የእኛም የ1952 ዓ.ም. ሕግ ከዚያ ቀድቶ የክብር መዝገብ አለው፤ ሥራ ላይ እስኪውል ግን ረጅም ዘመን ጠበቀ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የብዙ ኢትዮጵያውያን የልደት ምስክር የደብሩ ወረቀት ነበር። የአክስቴ ልጅ ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። አውጥታ አሳየችኝ።

ከቦሎኛ ወደ ፓሪስ ተሻገርኩ፤ የደረስኩት በዝናብ ነው። ሻንጣዬን አስቀምጬ ወደ አንድ አደባባይ ብቻ ሄድኩ፤ ከፓሪስ ሌላ የምፈልገው አልነበረም። የፓንቴዎን አደባባይ ይባላል። መሐል ላይ ያለው ግዙፍ ሕንፃ ሉዊ 15ኛ ለቅድስት ዤኔቪዬቭ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ያሠራው ነው። በ1791 አብዮተኞቹ የታላላቅ ሰዎች መቃብር አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እየሆነ፣ እየተመለሰ፣ ዛሬ ዓለማዊ መቃብር ነው። በጉልላቱ ላይ ግን መስቀሉ አለ። ከጎኑ የድሮው የሕግ ፋኩልቲ፣ ከጀርባው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሦስቱንም በአንድ ጠዋት ዞርኳቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀመርኩ፤ ፈላስፋው ፓስካል የተቀበረው እዚያ ነው። የመጣሁት ግን ለወዳጁ ለዣን ዶማ ብዬ ነው። ዶማ የፓስካል የሀገሩ ልጅ፣ የክሌርሞን ጠበቃ ነው፤ እንደ ወዳጁ ከፖር ሮያል ገዳም ሰዎች ጋር የተሳሰረ፣ የአውግስጢኖስን ትምህርት አጥብቆ የያዘ ክርስቲያን። ከ1689 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፍ የሮማን ሕግ በሙሉ በተፈጥሯዊ ቅደም ተከተሉ ልደርድረው ብሎ ተነሳ። ቅደም ተከተሉን ያገኘው ከወንጌል ነው። ሁለት መጀመሪያ ሕጎች አሉ አለ፤ እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ይወጣል፤ ማንንም አለመጉዳት፣ የእያንዳንዱን ለእያንዳንዱ መስጠት፣ ቃልን መጠበቅ። ሰው ከወደቀ በኋላ ራሱን መውደዱ መርዝ ሆነ፤ እግዚአብሔር ግን ያንኑ መርዝ መድኃኒት አድርጎ ሰዎችን በሥራና በንግድ ያስተሳስርበታል ይላል። ከዚያው ሥር ደግሞ አንድ አጠቃላይ ደንብ አወጣ፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይካስ። የሮማ ሕግ እንዲህ በአንድ ቃል ጠቅልሎት አያውቅም ነበር፤ የሚናገረው ስለዚህ ዓይነት ጉዳትና ስለዚያ ዓይነት ጉዳት ነበር። ባልንጀራን መውደድ ግን ዝርዝር አያውቅም።

ያ ደንብ በ1804 ናፖሌዎን ባወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1382 ሆነ። ከ1804ቱ 2281 ቁጥሮች እንደዚህ የተጠቀሰ ጥቂት ነው። ዛሬ በፈረንሳይ ቁጥሩ ተቀይሮ 1240 ሆኗል። በእኛው ሕግ 2028 ነው። በመኪና ለተገጨ ሰው፣ ቤቱ በጎረቤቱ ቸልተኝነት ለተቃጠለ ሰው ካሳ ስጠይቅ የኖርኩት በዚህ ቁጥር ነው። የዶማን ስም ግን በአንድም ክርክር አንስቼው አላውቅም። በዚያ ጠዋት ሻማ ገዝቼ አበራሁለት።

ከዚያ ወደ ፓንቴዎን ምድር ቤት ወረድኩ። ከሕጉ አራት አርቃቂዎች ሁለቱ፣ ትሮንሼና ፖርታሊስ፣ እዚያ ናቸው። ፖርታሊስ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ የናፖሌዎን የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትርም እርሱው ነው። ሕጉ ሲወጣ እግዚአብሔርን በስሙ አይጠራም፣ ሥላሴም በመጀመሪያው ገጽ የለም። የተጻፈበት ብዕር ግን በሚያምን ሰው እጅ ነበር። ደግሞም ዓለማዊው ሕግ ሁልጊዜ ከቀኖናው የተሻለ ነፃነት አልሰጠም። ወንድ ልጅ እስከ 25፣ ሴት ልጅ እስከ 21 ዓመቷ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳታገባ የደነገገው ይኸው የ1804 ሕግ ነው፤ ትሬንት አባቶችን የነፈጋቸውን ናፖሌዎን ሰጣቸው። ፍቺን ደግሞ ፈቅዶ ነበር፤ ካቶሊክ የመንግሥት ሃይማኖት ሆኖ ከተመለሰ በኋላ በ1816 ፍቺ ተሰረዘ፤ የተመለሰው በ1884 ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተስማሙ ባልና ሚስት በሕግ ታስረው ኖሩ። ቤተ ክርስቲያን የልጅቱን «እሺ» ጠበቀች፤ «በቃኝ» ስትል ግን አልሰማቻትም። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱንም መናገር ይገባል።

ዝናቡ ሲያባራ የሕግ ፋኩልቲው ደጅ ላይ ቆምኩ። ሬኔ ዳቪድ ያስተምሩበት የነበረው የፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ ይህ ነው። የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያረቁ የጋበዟቸው እኒህ ሊቅ ናቸው። በፈረንሳይኛ ያረቁት 3367 ቁጥር ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ። ከራቬና ተነስቶ በቦሎኛ፣ በዶማና በፖርታሊስ በኩል የዞረው ውሃ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በካይሮ በኩል የመጣው ሌላው ጅረት ከመቶዎች ዓመታት በፊት ደርሶ ቁጭ ብሎ አገኘው።

ተገናኙ፤ ግን አልተዋወቁም። ንጉሠ ነገሥቱ በሕጉ መቅድም ፍትሐ ነገሥትን በክብር ጠቅሰዋል። ቁጥር 3347 ግን ሕጉ የሸፈነውን የቀድሞ ልማድና ሕግ ሻረው። እኛ ጠበቆችም አሮጌው የቄስ፣ አዲሱ የፈረንጅ ነው ብለን ለየንላቸው። እኔም ከነዚያው አንዱ ነኝ። ዛሬ ግን ቋንቋው ከእኛ ይልቅ አስተዋይ እንደነበር ይታየኛል። የአዲሱ መጽሐፍ ስም በፍትሐ ነገሥት አምሳል «ፍትሐ ብሔር» ሆነ። ነገሥታቱ ወጥተው ብሔሩ ገባ፤ ፍትሑ እዚያው ቀረ። ገጠር ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ ሦስተኛው ከሩቅ «በሕግ አምላክ!» ሲላቸው የሚቆሙትም ለዚህ ነው። ያ ገበሬ ሕግን ከአምላክ አልለየውም፣ ዱላ የያዙትም አልለዩትም። የአክስቴ ልጅ «ማን ፈቀደለት?» ላለችው የእርሱ መልስ ይህ ነው፤ ሕጉ የንጉሡ ስላልሆነ ንጉሡም ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ፍትሐ ነገሥትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ታሪክነት አይለፉት፤ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጎን አስቀምጠው፣ ሽያጭን ከሽያጭ፣ ኑዛዜን ከኑዛዜ፣ ብድርን ከብድር ጋር እያነጻጸሩ ያስተምሩት። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ተማሪው ሲመጣ ደጃቸውን ይክፈቱለት። አንተም የሕግ ተማሪ፣ በአቅራቢያህ ፍትሐ ነገሥት የሚያሄዱ መምህር ካሉ በዚህ ክረምት ደብተርህን ይዘህ ሂድ። ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ በቃላቸው የያዙትም ሁሉ በመጽሐፍ አልሰፈረም።